ቃለ ጉባኤ

ጸሐፊ ነኝ። የተባለ ሁሉ በእጄ ነው የሚያልፈው፤
ግን የተባለው አይደለም፣ የተሰማው ነው ለመዝገብ የሚተርፈው።

ብዕር ሳልይዝ በፊት ኮምቦልቻ፣ ሽመና ክፍል ነበርሁ፤
የተበጠሰ ክር ስቀጥል ስንት ሌሊት አደርሁ።
ማሽኑ ሲንጫጫ ጆሮ ሥራ ይፈታል፣
ቃል ከአፍ እንደ ወጣ አየር ላይ ይሞታል።
«ጉሮሮሽን ተዪው» አለችኝ ሉባባ፣ በከንፈሯ ብቻ፣
«ቃሉን አፍሽ ላይ ሳዪው፤ አነበዋለሁ ከአሥረኛው ማሽን ዳርቻ።»

እንዲያ ነበር ወጋችን፦
ስለ ልጅ ትኩሳት፣ ስለ ቤት ኪራይ፣
ልክ ስለማያውቅ ስለ አንዱ ፎርማን እጅ፣
ዘምዘም በወለደች በሁለት ወሯ ሸሚዟን ስላራሰው ወተት፤
እንባችን እስኪፈስ ሥቀን፣ ድምፅ ሳናወጣ።
በዚያ ሁሉ ጩኸት አንድ ቃል አልጠፋብንም።

አዳራሹ ግን ጸጥ ያለ ነው።
ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት፤ ከሐረጎ ቁልቁል የሚወርድ
የከባድ መኪና ፍሬን እንኳ ጥርት ብሎ ይሰማል።
ሉባባ እጇን አነሣች። አወረደች። አነሣች።
«እሺ እታለም፣ ባጭሩ» አለ ሰብሳቢው።

«ሰርቪሱ ሌሊት ስድስት ሰዓት አስፋልቱ ላይ ይጥለናል።
ከዚያ እስከ ቦርከና ድልድይ መብራት የለም፤
ባለፈው ወር ሙሉእመቤት ጫማዋን ጥላ ነው ያመለጠችው።
ድልድዩን አሻግሮ ያውርደን።
አንድ ሊትር ነዳጅ ነው፤ ሾፌሩን ጠይቄ ራሴ አስልቼዋለሁ።»

«ጥሩ። ሌላ ሐሳብ ያለው?»

ያለው ነው ያለ። ያላት አላለም።
ብዕሬ ቆመ። ስለ ካንቲኑ ተወራ፣ ስለ ቱታ ቀለም፤
ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከጥገና ክፍል ይማም ጉሮሮውን ጠረገ፦
«እኔ የምለው፣ ሰርቪሱ ድልድዩን ቢሻገርስ?
ቢበዛ አንድ ሊትር ነዳጅ ነው።»
ጭብጨባ።
«ይኸ ነው ሐሳብ ማለት! ያዢው፣ ጸሐፊ።»

ክፉ ሰው አይደለም ይማም፤
ከማን አፍ እንደ ሰማው ራሱም ረስቶታል።
ከኋላ አንዱ «ሴት ብታውቅ...» ብሎ ጀመረ፣
ሳቁ ጨረሰለት።
ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የስብሰባ ደንብ ኖሯል።

ያዝሁት። እጄ ከልቤ ቀድሞ
«አቶ ይማም አቀረቡ» ብሎ ጽፏል።
ቀና ስል ሉባባ ከአራተኛው ረድፍ ታየኛለች።
ድምፅ የለም። ከንፈሯ ብቻ፣ እንደ ድሮው፣ በቀስታ፦
ጻፊኝ።
ዙሪያዋን የሽመና ክፍል ሴቶች፣ ሠላሳ ከንፈር፦
ጻፊያት።
ሰብሳቢው ሰዓቱን ያያል። ለእሱ አዳራሹ ዝም ብሏል።

ሰረዝሁ።
«ወይዘሮ ሉባባ ይመር ሐሳብ አቀረቡ፤ አቶ ይማም ደገፉ።»

ሰኞ ጧት መዝገቡን ይዤ ቀረብሁ። መነጽሩን ገፋ፦
«አቀረቡ? ምን አንቱታ ነው ይኸ? አቀረበች ብትዪ አይበቃም?»
አንተ ከአንቺ ይለያል፤ ግሡ ገና ከሩቅ ማንነትሽን ያሳብቃል፤
አንቱ ላይ ሲደርስ ግን ቋንቋችን ራሱ ጾታ መጠየቅ ያቆማል።
ይህን ሁሉ አላልሁትም።
«በአንድ ፊደል ያጥራል፣ ጌታዬ» አልሁ፤ «ወረቀት ለመቆጠብ።»
በጣቱ ቆጠረ። እውነት ነው። ፈረመ።

ከጥር ወዲህ ሰርቪሱ ድልድዩን ይሻገራል።
ሾፌሩ ፌርማታውን «ይማም ጋ» ይለዋል፤
መዝገብ የሚያነብ የለም።
ሴቶቹ ሌሊት ሲወርዱ ሞተሩ ያጓራል፤
አንዷ ዞራ ለሌላዋ
በከንፈሯ ብቻ የቦታውን ስም ትነግራታለች።